የአደሱ ቁመት

«ይሄ ከሥሩ ካልተቆረጠ ድንኳኑ አይቆምም፤» አለ አብዱልሐሊም መጥረቢያውን እንደያዘ። ወንድሙን ረዲን ረፋዱ ላይ ቀብሮ መመለሱ ነው፤ ድምፁ ሰልሏል። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚዎች ተሸክመው ይጠብቃሉ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ጥርቅም አድርጎ የሸፈነው አደስ የጣሪያውን ቆርቆሮ አልፎ ሄዷል።

«ቆይ እስቲ፤» አለች የሟች ባለቤት ዘይነባ፣ ከደጃፉ ምንጣፍ ሳትነሳ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ዓቢዳ ሽቅብ አየችው። «ያ አላህ! አደስ ነው ይሄ? እኔ ቤት ያለው እኮ ከወገቤ አያልፍም።»

«ለቅቤ እየቀነጠስሽ መች አሳደግሽውና!»

ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

ዘይነባም ያኔ እንደ ዓቢዳ ነበረች። መርሳ ውስጥ የማን ደጅ አደስ ከወገብ አልፎ ያውቃል? ረዲ ችግኙን ከገበያ ያመጣ ለት ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ጉድጓድ ሲምስ፣ «ምነው፣ ዋርካ ልትተክል ነው እንዴ? ከመስኮቱ ሥር አድርገው፣ መዓዛው ይግባልኝ፤» ብላ ተሟገተችው።

«ሴት ያልቀነጠሰችውን አንድ መስጊድ ግቢ አይቻለሁ። ከኔም ካንቺም ይበልጣል።»

ሳቀችበት። እሱም ጉድጓዱን መልሶ ደፍኖ እሷ ያለችው ቦታ ተከለላት።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው፣ ወደ መስጊድ ከመሄዱ በፊት፣ መቀሱን ይዞ ይከረክመዋል። እሷ ሥራ የወደደ ነበር የመሰላት። «ያልኩህ አይደል? አጭር ነው፤» ስትለው፣ «ልክ ነሽ፤» እያለ ቅጠሉን ይጠርጋል። ለካ ብርሃኗን ሲጠብቅላት ነው የኖረው። አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ባሉት ዓመታት መቀሱን ያነሳ ሰው የለም፤ አደሱም እንደ ተፈጥሮው ሆነ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ምን ይሁን ይላሉ?» አለ አብዱልሐሊም። «መስኮትዎም ጨልሟል።»

«ድንኳኑን ወደ ውጭ በሩ አርቁት። ለቅሶ ደራሽ ትንሽ ቢጣበብ አይቀየመንም። መስኮቱን ለኔ ተወው።»

አብዱልሐሊም አደሱን አየ፤ እሷን አየ። «ሰብሩን ይስጥዎት፤» ብሎ መጥረቢያውን ግድግዳው ሥር አኖረ።

ዘይነባ ተነስታ መቀሱን አመጣች። እጇ እስከደረሰበት ድረስ ከረከመች፤ የመስኮቱ ግማሽ ተገለጠ። ዓቢዳ ከጓዳ ወንበር ይዛ መጣች።

«በይ ውጪበት፣ አብሽሪ፤ እኔ እይዝልሻለሁ።»

ዘይነባ፣ «ይብቃ፤ ከኔም ካንቺም ይበልጣል፤» ብላ መቀሱን አቀበለቻትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇ ያልደረሰበትን ቅጠል ታየው ጀመር።