ከተሽከርካሪው ውጭ የሆነ ምክንያት

አቶ ቢያድግልኝ ቀይዋን ስፖርት መኪና የገዙት በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊልስ ምንም ያልቀረው፣ ለወላይታ ሶዶ ኮረኮንች ጨርሶ ያልታሰበች መኪና ነበረች። ይባስ ብሎ ሰውየው መንዳት አይችሉም። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲሸጡ ያበጁት ቦርጫቸው ከመሪው ጋር አልስማማ አለ። ስለዚህ ስፖርት መኪናዋን ሾፌር ይነዳታል፣ እሳቸው ጎኑ ተቀምጠው በመስኮት ሰላምታ ይቀበላሉ። ከተማው ይስቅ ነበር፤ ፊት ለፊት የሚስቅ ግን አልተገኘም፤ ግማሹ ሰው የሚያድረው ከእሳቸው ቆርቆሮ ሥር ነው።

ሾፌሩ ጩማ ይባላል፤ የጉኑኖ ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ስሙ አንድ ቀን በክፉ ተነስቶ አያውቅም። በሚያመልክበት ጉባኤ እሑድ እሑድ መባ የሚሰበስበው እሱ ነው፤ ይህ ለእሱ ከደመወዙ ይበልጥበታል። ሀብታም አልሆነም፣ መሬትም የለውም። ያለው ስሙ ነው፤ እሱንም በሁለት ወር ውስጥ ሊነጥቁት ተነሱ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። አቶ ቢያድግልኝ መኪናዋ ሁልጊዜ ሞልታ እንድታድር ይፈልጋሉ፤ ጎዶሎ ታንክ የድሃ ነው ባይ ናቸው። ግቢያቸው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ዳገት ላይ ስለሆነ መኪናዋ የምታድረው አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ ነው። ማታ አፉ ድረስ የተሞላው ቤንዚን ታዲያ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ግቢው ገረጋንቲ ነው፤ የጠጣውን አያሳይም። ጌታው የሚስታቸውን የጥፍር ቀለም አምጥተው በነዳጅ መለኪያው መስታወት ላይ መስመር አሰመሩ። ንጋት ላይ መኪናዋን ሊያጥብ የሚመጣው ጩማ ብቻ ስለሆነ፣ ሌባ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም።

"ጩማ፣ ይቺ መኪና ማታ ማታ ብቻዋን ሽርሽር ትወጣለች እንዴ?"

"ጋሼ፣ መኪናው ያፈሳል። ይሸታል እኮ።"

"የሚሸተው ያንተ ልብስ ነው።"

ውሸት አልነበረም። ጩማ ቀዳዳውን ፍለጋ በየጠዋቱ ከመኪናዋ ሥር በደረቱ ይሳባል፤ በፈለገ ቁጥር ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ንጽሕናውን በፈለገው ልክ ሌባ ሌባ እየሸተተ ሄደ።

መኪናዋ ዋስትና ላይ ስለሆነች ሌላ ጋራዥ ቢነካት ዋስትናው ይቀራል። መሄጃው የአስመጪው ድርጅት ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ከፊት መስታወት፣ ከኋላ ጋራዥ፤ በሩ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን የተንጠለጠለበት፣ ሳጥኑም በቁልፍ የተከረቸመ። የጥገናው ኃላፊ ኢሳይያስ ነጭ ጋዋን ለብሶ ዘይት ሳይነካ የሚውል ወጣት ነው፤ ሰው "ኢንጂነር" ካላለው ዞር ብሎ አያይም።

የቤንዚን ነገር ሲሆን በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። እሳት እንዳይነሳ መጀመሪያ ታንኩ በጄሪካን ይገለበጣል፣ ከዚያ ነው መኪናው ሊፍት ላይ የሚወጣው። ገለበጡት፣ ሰቀሏት፣ አዩ፤ ደረቅ ናት። ጩማ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ገለበጡት፣ ሰቀሏት፣ አሁንም ደረቅ።

"ኢንጂነር፣ ቤንዚኑን አውጥተህ የቤንዚን መፍሰስ እንዴት ታያለህ?" አለው ጩማ።

"አንተ ልታስተምረኝ ነው? የደህንነት መመሪያ ነው። መሪህን ያዝ።"

በዕድሜ ታላቁን እንዲህ አለው። አልበቃውም፣ ጽሕፈት ክፍል ለምትሠራው ለንግሥቲ እያነበበ አስጻፈ፦ "ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ፍሳሽ አልተገኘበትም። የነዳጁ መጉደል ከተሽከርካሪው ውጭ በሆነ ምክንያት ነው።" ሐምራዊ ማኅተም አረፈበት። ንግሥቲ ወረቀቱን ለጩማ ስትሰጠው ቀና ብላ አላየችውም።

አቶ ቢያድግልኝ ወረቀቱን ቅዳሜ ዕለት በሱቃቸው መሐል፣ ገበያተኛውም ተሸካሚውም እየሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

"ሌባ አላልኩህም። ወረቀቱ ነው ያለው። እስከ መጪው ቅዳሜ ቤንዚኑ የት እንደሚሄድ ካልነገርከኝ ይሄ ወረቀት ፖሊስ ጣቢያ ይገባል።"

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቀድሞት ደረሰ። እሑድ ጠዋት የጉባኤው ሽማግሌ አቶ ቦልቴ በር ላይ ጠበቁት። "ወንድሜ፣ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ የመባውን ቅርጫት ሌላ ሰው ይያዘው" አሉት፣ እጁን ጨብጠው። ጩማ ከኋላ ተቀመጠ። ቅርጫቱ በፊቱ ሲያልፍ ሚስቱ ጥሩነሽ ከመዘምራኑ መሐል አየችው። በዚያች ቀን ጩማ ጌታውንም፣ ባለ ነጭ ጋዋኑንም፣ ቀይዋንም መኪና ከልቡ ጠላ።

ሐሙስ ዕለት ጌታው አረካ ጉዳይ ነበራቸው። መኪናዋ እዚያው ተሞልታ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ቆመች፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ሲመለሱ ጌታው ዱቦ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ሊጠይቁ ገቡ፣ ጩማም ከአጥሩ ውጭ ዳገት ላይ አቆማት። ጥቂት ቆይቶ ያ ሽታ መጣ። ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ ቢል፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያኔ ገባው። ቀዳዳው ከታንኩ በላይ፣ ቤንዚን ከሚቀዳበት አፍ በሚወርደው የጎማ ቱቦ ላይ ነው። ታንኩ ሲሞላና መኪናዋ ሽቅብ ስትቆም ብቻ ቤንዚኑ እዚያ ይደርሳል። እነ ኢሳይያስ ደግሞ ገልብጠው፣ አስተካክለው ሰቅለው ነው የሚያዩት።

"ታ ጎዳው!" አለ በወላይትኛ፣ ጌታ ሆይ ማለቱ ነው። ሮጦ ጌታውን ጠራቸው። "ጋሼ፣ ይምጡ፣ ጎንበስ ብለው ይዩት!"

አቶ ቢያድግልኝ ቦርጫቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

"እኔን ነው ጎንበስ በል የምትለኝ? አንተ የበሳኸውን ልታሳየኝ? ወረቀት አለኝ፣ ይበቃኛል። ክፈት በሩን።"

አርብ ጠዋት ጩማ ማደያ ገብቶ ከኪሱ ከፍሎ ታንኩን አፉ ድረስ ሞላው። ከዚያ በቀጥታ ወደ አስመጪው ድርጅት ነዳ። ከመንገዱ ወደ መስታወቱ ቤት የሚያወጣ የሲሚንቶ ዳገት አለ፤ እዚያ ላይ ሽቅብ አቆማት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። የድርጅቱ መግቢያ በመኪናዋ ተዘጋ። ገቢም የለ ወጪም የለ።

ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። ኢሳይያስ ጋዋኑ እየተውለበለበ ደረሰ።

"አንሳት! አሁኑኑ! ሞልተህ ነው ያመጣሃት? ልታቃጥለን ነው?"

"ሞልታ ሽቅብ ስትቆም ነው የምታፈሰው። ሳትገለብጥ እይ።"

"መመሪያ አለ አልኩህ፣ ደነዝ!"

"መመሪያህ ሌባ አድርጎኛል። አላነሳም።"

ጌታው ተደውሎላቸው በባጃጅ መጡ። ከባጃጇ ለመውጣት ራሱ ትግል ነበር፤ ያንንም ንዴት ጨምረው ጮኹበት። ሰው ተሰበሰበ። ጩማ ገብቶ ንግሥቲን የዚያን ወረቀት ግልባጭ ጠየቃት። ኢሳይያስ በመስታወቱ እያፈጠጠባት አውጥታ ሰጠችው። ጩማ ወጥቶ ወረቀቱን ከመኪናዋ ጅራት ሥር አነጠፈው። ሁሉም ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ፤ ለጥል የመጣ ሰው እንኳ ማየት ይወዳል።

የመጀመሪያው ጠብታ ማኅተሙ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለ። ሐምራዊው ቀለም ተፈታ፣ ከዚያ "ከተሽከርካሪው ውጭ" የሚለው መስመር ረጠበ።

"አሁን የበሳው እሱ ነው!" አለ ኢሳይያስ።

"ግባና እየው" አለ ጩማ። "ቀዶ የከፈተው ሰው ካለ ምልክቱን ታገኛለህ።"

ሰው እያየው ምን ያድርግ፣ ባለ ነጭ ጋዋኑ በጀርባው ተኛ። ሲወጣ ጋዋኑ ነጭ አልነበረም። የቱቦው ማሰሪያ ላይ ፋብሪካው የቀባው ቢጫ ምልክት ሳይነካ እንዳለ ነው፤ ቱቦው ከሥሩ ተሰንጥቋል። ይህን ለአቶ ቢያድግልኝ ጆሮ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ።

"ጮክ በል" አለው ጩማ። "ወረቀቱ ሲነበብ ጮክ ተብሎ ነበር።"

ኢሳይያስ ፊቱን ወደ ሠራተኞቹ አዞረ። መኪናዋን ወደ ውስጥ አስገፍቶ ታንኩን አስገለበጠ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላውን ቱቦ አስቀየረ፣ የቀዱትንም ቤንዚን ጩማ እያየ አስመለሰ። ሁለት ወር ያቃጠለው ነገር ከአንድ ሰዓት በታች አለቀ።

"ጋሼ" አለ ጩማ ሲጠብቁ፣ "ሱቅ ውስጥ ያነበቡትን ነገ ሱቅ ውስጥ ያፍርሱልኝ። አቶ ቦልቴም ይስሙ።"

"ተገኘ አይደል እንዴ? ምን ታካብዳለህ? እናየዋለን" አሉና ወደ መስታወቱ ቤት ገቡ። ጩማ በመስታወቱ ውስጥ አያቸው፤ ከኢሳይያስ ጋር እየተነጋገሩ በጣታቸው መደርደሪያው ላይ ያለ ነገር ያሳያሉ። እናየዋለን ማለታቸውን እንደ ይቅርታ ሊቆጥረው ምንም አልቀረውም ነበር። ነገ እንኳ ባይሆን ከነገ ወዲያ ያደርጉታል ብሎ ልቡ ትንሽ ረጋ።

ጩማ መኪናዋን አውጥቶ መግቢያው ላይ አቆማት። የቤንዚን መቅጃዋ ላይ አዲስ ክዳን ተገጥሟል፤ መሐሉ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው። ኢሳይያስ ሁለቱን ትንንሽ ቁልፎች ለአቶ ቢያድግልኝ አስረከባቸው። ጌታው ቆልፈው፣ ነቅንቀው አዩትና ቁልፎቹን ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

"ለሁለታችንም ይሻላል" አሉ ጩማን ሳያዩት። "ግባ፣ እንሂድ።"

ጩማ ቆሞ ቀረ። ከሱቁ፣ ከፖሊሱ፣ ከቅርጫቱ ይልቅ ያቺ ክዳን አቃጠለችው። ጥፋት እንደሌለበት በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው የቆለፉበት። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጣሪያዋ ላይ አስቀመጠው።

"የት ትሄዳለህ? ማን ይነዳታል?"

"እኔ እንጃ። ውስጡ ያለው ቤንዚን የገዛ ገንዘቤ ነው ጋሼ። ደህና አድርገው ይቆልፉበት።"

ዳገቱን በእግሩ ወረደ። አቶ ቢያድግልኝ ስሙን እየደጋገሙ ተጣሩ፤ ኢሳይያስ መግቢያውን የዘጋችውን መኪና አንሱ እያለ በእሳቸው ላይ መጮህ ጀምሮ ነበር።