የአቶ ደረት ጨዋነት

ካሜራውን ያመጣችው ልጁ ናት። ከእንቁላል አይበልጥም፤ ነጭ ነው፤ ሆዱ ላይ ድምፅ ማጉያ አለው። ቴሌቪዥኑ ያለበት መደርደሪያ አናት ላይ አስቀመጠችውና ፊቱን ወደ ወንበሩ አዞረችው። ወንበሩ ላይ ልብስ ሰፊው አባቷ ተቀምጦ ነበር።

«እንግዲህ እኔ ቴሌቪዥኑን አያለሁ፣ ቴሌቪዥኑ እኔን ያያል» አላት።

«ቴሌቪዥኑ አይደለም የሚያይህ። እኔ ነኝ።»

«ይሄማ ይብሳል።»

ያለ ምክንያት አላደረገችውም። ባለፈው ወር ካውያውን እንደጋለ ረስቶት ጠረጴዛው ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ሠርቷል። በሳምንቱ ደግሞ ጠጉሬን ልቆረጥ ብሎ ወጥቶ አራት ሰዓት ሙሉ ጠፋ። ስልኩ እቤት ነበር። ልጅቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስትሯሯጥ ዋለች። ማታ ሲገባ ጠጉሩ እንዳለ ነው። የት ነበርክ ብትለው «ውጪ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። የእሷ ሥራ ደግሞ ማየት ነው። ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ ሠላሳ ሁለት ስክሪን ትጠብቃለች። ሠላሳ ሦስተኛው በእጅ ስልኳ ላይ አባቷ ሆነ።

ልብስ ሰፊው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሱቁን ከዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ካሜራው እስከመጣበት ቀን ድረስ ግን ቤቱ ጠቦት አያውቅም ነበር። አሁን ከወንበሩ ብድግ ባለ ቁጥር በልጁ ስልክ ላይ ደወል ይጮኻል፤ ወዲያው መደርደሪያው ይናገራል።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«ሽንት ቤት።»

«እሺ፣ ቀስ ብለህ።»

ትንሽ ከቆየ ደግሞ መደርደሪያው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ይላል። እንዲህ እየተጠየቀ ደህና የሚሆን ሰው እንዳለ ልብስ ሰፊው ይጠራጠራል።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማ ሰሪው ጓደኛው ይመጣል። አንዴ ከተቀመጠ ስለማይነሳ ሰፈሩ ጋሽ ማስቲሽ ይለዋል። ሁለቱ አብረው «ተሳፋሪው» የሚባለውን የድሮ ተከታታይ ፊልም ያያሉ። ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ሰው ትኬቱን ይዞ ባቡር ጣቢያ ይገባል፤ ከዚያ መውጣት የለም። የጣቢያው አለቃ ከትልቁ የግድግዳ ሰዓት ጀርባ ተቀምጦ በስድስት ቁጥር ቀዳዳ ሁሉንም ያያል። ሰውየው ወደ ሐዲዱ ጠጋ ሲል ድምፅ ማጉያው በትሕትና «ክቡር ተሳፋሪ፣ ባቡርዎ ገና ነው፤ ወደ መቀመጫዎ ይመለሱ» ይለዋል። በሃያ ስድስቱም ክፍል አንድ ባቡር አልተሳፈረም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን ያውቃሉ፤ ያም ሆኖ በየቀኑ ዛሬስ ይሳፈር ይሆናል ብለው ይቀመጣሉ።

በዘጠነኛው ክፍል ተሳፋሪው ኮቱንና ባርኔጣውን ለሻንጣ ጋሪ አልብሶ በደረቱ እየተሳበ ወደ በሩ ይሄዳል። የጣቢያው አለቃ ጋሪውን ሰው ብሎ ያየዋል። ተሳፋሪው በሩ ጋ ሲደርስ ጋሪው ብቻውን ተንሸራትቶ ይሄድና ይነቃበታል።

«ጎማው ነው ጉድ የሠራው» አለ ጋሽ ማስቲሽ።

ልብስ ሰፊው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገና ወደ ጓደኛው ጆሮ ተጠጋ። «ጎማ የሌለው ነገር ቢሆንስ?»

ሁለቱም ወደ ጥግ ዞሩ። ጥጉ ላይ ልብስ የሚለካበት አሻንጉሊት ቆሟል። ራስ የለው፣ እግር የለው። ሱቁ ሲዘጋ መሸጥ አሳዝኖት ያስቀረው ነው። ስሙ አቶ ደረት ነው።

በማግስቱ የካሜራውን ሶኬት ነቀሉ። አቶ ደረትን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው የልብስ ሰፊውን ሹራብ አለበሱት፤ በጨርቅ ቁርጥራጭ የጠቀጠቁትን ትራስ አንገቱ ላይ ሰፉለት፤ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ድረስ አወረዱት፤ ጉልበቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ብርድ ልብስ ጣሉ። አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ወጣው። ጋሽ ማስቲሽ ራቅ ብሎ አየውና «ካንተ ይሻላል» አለ። ልብስ ሰፊው ከበሩ ሲወጣ ጋሽ ማስቲሽ ሶኬቱን መልሶ ሰካ።

«መብራት ሄዶ ነበር እንዴ አባዬ?» አለ መደርደሪያው።

ከመደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ የተቀመጠው ጋሽ ማስቲሽ በታዘዘው መሠረት «እም» አለ።

ልብስ ሰፊው በዚያ ሰዓት ደረጃውን እየወረደ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረ። የማያውቀው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ የማያውቀው ፌርማታ ላይ ወረደ። አራት ሰዎች ቁም ሣጥን በጠባብ በር ሊያስገቡ ሲታገሉ ቆሞ አየ፤ አልገባም ሲላቸው ደስ አለው። በዓለም ላይ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሲመለስ ፊቱ ወጣት መስሎ ነበር።

«የት ሄድክ?» አለው ጋሽ ማስቲሽ።

«ከነገርኩህማ ምን ዋጋ አለው?»

ቀላል ሆነ። ካሜራው የሚጮኸው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነው፤ በመንቀሳቀስ ደግሞ አቶ ደረት አይታማም። ልጅቱ አባቷ እንዲህ ሰብሰብ ማለቱ አስደሰታት። አንድ ያሳሰባት ያ «እም» ነበር። በሦስተኛው ቀን «ድምፅህ ጎርነን ብሏል» ብላ የሳል ሽሮፕ ገዝታ መጣች፤ ልብስ ሰፊውም ለጓደኛው ጎርናና ድምፅ የተገዛውን ሽሮፕ ፊቷ ቆሞ በማንኪያ ጠጣለት።

በስምንተኛው ቀን ከጉዞው ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር የልጁን ድምፅ ሰማ። ከመጋዘኑ የዕረፍት ክፍል እየተናገረች ነው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?»

«እም።»

«ከኋላችን ካሜራ ሰቅለውብናል። እኛ ዕቃውን እናያለን፣ እነሱ እኛን ያያሉ። ዓይኔን ላሽ ብዬ ክንዴን ካነሳሁ ስልክ ይደወላል፤ ለምን ዓይንሽን አሸሽ እባላለሁ። ሽንት ቤት ለመሄድ እጄን አወጣለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ።»

«እም» አለ ጋሽ ማስቲሽ። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ነበር።

«ሰሞኑን ግን ደስ ትለኛለህ። ድሮ ሳልጨርስ ምክር ትጀምራለህ። አሁን ትሰማለህ።»

ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ በአሻንጉሊት ቀና። ዝም ብሎ ተመልሶ መውጣት ይችል ነበር። እግሩ ግን ወደ ውስጥ ወሰደው።

«ማነው እጅ የሚያስወጣሽ?» አለና መሀል ክፍሉ ላይ ቆመ።

በልጅቱ ስልክ ላይ ደወሉ ጮኸ።

«አባዬ» አለ መደርደሪያው፣ «ሁለት ሆንክ።»

«እም» አለ ጋሽ ማስቲሽ፣ ከልማድ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ጋሽ ማስቲሽ «ማስቲሹ ክፍቱን ነው፣ እንዳይደርቅብኝ» ብሎ በጎኗ ሾልኮ ሄደ። እሷ አቶ ደረትን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ባርኔጣውን አነሳች፤ ትራሱን በጣቷ ወጋ ወጋ አደረገች።

«ስምንት ቀን» አለች። «በሠላሳ ሁለት ስክሪን አንድ ካርቶን ከቦታው ሸርተት ቢል የማውቅ ሰው። በሙያዬ ቀለድክብኝ።»

«በሙያሽ አይደለም። በሙያዬ ነው የሠራሁት።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«አልነግርሽም።»

«ሴት ናት?»

«ብትሆንስ?»

«ናት?»

«አይደለችም። የትም ነው የምሄደው።»

«የትም ለመሄድ ይሄ ሁሉ?»

«በቀን አንድ ሰዓት፣ የት እንዳለሁ ማንም የማያውቅበት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሌላውን ሃያ ሦስቱን እዪኝ።»

«ብትወድቅስ?»

«ውጪ ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ይኖራል። እዚህ ብወድቅ ያለው አቶ ደረት ነው።»

ልጅቱ ልትስቅ አልፈለገችም፤ አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ «ስልክ ትይዛለህ» አለች።

«እይዛለሁ። አትደውዪም።»

«አልደውልም። ካሜራው ግን አይወርድም።» መደርደሪያው ጋ ሄዳ የካሜራውን ፊት ከወንበሩ መልሳ ወደ ካውያው አዞረችው። ካውያው ምንም አላለም።

ልትሄድ ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ ከወንበሩ ኋላ ቆም ብላ ቀረች። አቶ ደረትን ከጀርባው ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ከኋላ ሲታይ እኮ ሰው ነው» አለች።

ልብስ ሰፊው አርባ ስድስት ዓመት ደንበኛ አስተናግዷል፤ ልብስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ድምፅ ያውቃል። «አይሆንም» አለ ወዲያው። «ቢይዙሽ ያባርሩሻል።»

«የእኛ ካሜራ ከኋላ ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኛዬ የእኔንም ስክሪኖች ታይልኛለች፤ እኔም በተራዬ የእሷን። ሩብ ሰዓት ብቻ።»

«ሩብ ሰዓት የት ልትሄጂ?»

ዓይኗን ከአሻንጉሊቱ ወደ እሱ መለሰች። የጣቢያውን አለቃ ድምፅ ከገዛ አፉ ሰማውና አፈረ። ሜትሩን ፈልጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

«ዙሪና ቁሚ» አላት። «ትከሻሽን ልቀቂው። ጎበጥሽ እንዴ? ጎብጠሽ የምትቀመጪ ከሆነ ጎባጣ ነው የምሰፋው።»

ልጁን ከኋላ የሚመስል አሻንጉሊት ከሸራና ከስፖንጅ ሠራ፤ ታጥፎ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀን ፈጀበት። ትከሻውን ሦስት ጊዜ ፈታው፤ በሥራ የደከመ ትከሻ መስፋት ቀጥ ያለ ትከሻ ከመስፋት ይከብዳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊው በአንድ ሰዓቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ አንድ ትንሽ የሕዝብ መናፈሻ ገባ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አይስክሬም ትበላለች። ልጁ ናት። እሷም አየችው። አይስክሬሙ በእጇ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ጀርባውን ሊሰጥ አስቦ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ዕረፍት ፈለገ። በአግዳሚው ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ሳይተያዩ ወደ ፊት ለፊታቸው አዩ።

«ጤና ይስጥልኝ አባት» አለች።

«አብሮ ይስጥልን። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የአንድ ልብስ ሰፊ።»

«ደህና ሰው ነው?»

«አስቸጋሪ ነው። ግን እቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።»

«ጨዋ ሰው ነዋ» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔም አንዲት ልጅ አለችኝ። በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ናት፤ ዓይኗን እንኳ አታሽም።»

«ታድለዋል።»

አይስክሬሙን ጨርሳ ጫማዋን አጠለቀች። የእጅ ሰዓቷን አየችና ተነሳች፤ ደህና ይዋሉ ብላው በታችኛው በር ወጣች። ልብስ ሰፊው በየትኛው መንገድ እንደምትታጠፍ እንዳያይ ፊቱን ወደ ዛፎቹ መለሰ። ከሰዓቱ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።