ኩፍኝ የገባበት ቤት

ኩፍኝ የገባበት ቤት መስኮቱ አይከፈትም፤ ከውጭ የመጣ ሰውም ደጁን አይረግጥም። ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ምንም የማይፈራው የቀበሌ ታጣቂ እንኳ ይህን ይፈራል፤ እሱም ቤቱ ልጆች አሉት።

የሺመቤት የተማመነችው በዚህ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ የተጠራውን የበኩር ልጇን አለበልን ጓዳ ውስጥ ከሸሸገችው ሦስት ወር ሆኗታል። ቤት ለቤት ፍተሻው ሲጀመር ትንሿ ልጇ አደይ ኩፍኝ ወጣባት። እናት ታዲያ ብልህ የሆነች መስሏት ልጅቷን ከወንድሟ ጋር ጓዳ አስተኛቻት። ታጣቂዎቹ መጡ፣ «ኩፍኝ ነው» አለቻቸው፣ ከደጅ ተመለሱ። በልቧ ሳቀች።

አደይ ድና ገመድ መዝለል ስትጀምር አለበል ወደቀ። ትኩሳቱ እንደ እሳት ፈጀው፣ ዐይኑ ደም መሰለ፣ ሳሉ ትንፋሽ ነሳው። የሺመቤት መጀመሪያ አልደነገጠችም፤ ኩፍኝ ቆዳ ላይ ከወጣ ሰው ይድናል፣ ይህንንም ማንም ያውቀዋል። ግን ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ነጠብጣብ እንኳ አልወጣበትም።

ጡረታ የወጡትን ድሬሰር፣ አቶ ወልደ ሐዋርያትን፣ በጓሮ በኩል አስገባቻቸው። ደረቱን አዳምጠው ተቆጡ።

«በልጅነቱ ወጥቶበት ያውቃል?»

«አያውቅም። ኩፍኝ ሰፈር በገባ ጊዜ ገጠር፣ አንበሳሜ፣ አያቱ ዘንድ አሸሸሁት።»

«እንግዲያ ሰውነቱ ይህን በሽታ ገና ዛሬ ማየቱ ነው። ስሚኝ የሺመቤት፣ ቆዳ የሚቀላው የሰውነት መከላከያ ከበሽታው ጋር ሲተናነቅ ነው። የዚህ ልጅ መከላከያ ደክሟል። ምን ስታበይው ከረምሽ?»

ለቀበሌ «ጠፍቷል» ብላ ካስመዘገበች ወዲህ የሁለት ሰው ራሽን ለሦስት ነበር፤ አለበል ደግሞ ድርሻውን ለእህቱ ይተው ነበር።

«ሳንባው ተይዟል» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት። «ሆስፒታል ካልገባ ይሞታል።»

ሆስፒታል ለመተኛት የቀበሌ ደብዳቤ ይጠየቃል። ልጁን ለውትድርና የሚያሳድደው ደግሞ ያው ቀበሌ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ነጠላዋን አደግድጋ ሊቀመንበሩ ጓድ አካሉ ፊት ቆመች።

«ዋሸሁ» አለች። «ልጄ ቤት ነው። እየሞተብኝ ነው።»

ጓድ አካሉ አልጮኸም። ማኅተሙን ደብዳቤው ላይ አሳርፎ፣ «ይታከም። ከዳነ ግን ከአልጋው በቀጥታ ወደ ጦር ሰፈር ነው» አለ። በማግስቱ አለበል ሆስፒታል ገባ፤ ክፍሉ በር ላይም ታጣቂ ተቀመጠ።

በሆስፒታሉ መስኮት ጣና ይታያል። ታንኳ ይሄዳል፣ ታንኳ ይመጣል። የሺመቤት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ለቅዱስ ቂርቆስ ጃንጥላ ተሳለች፤ «ይውጣለት» ብላ። ወዲያው ደግሞ የተሳለችው እንዳይደርስ ፈራች። ልጇ እንዲድንም እንዳይድንም መፈለጓ አሳፈራት፤ ለማንም የማትናገረው ነገር ሆነባት።

ታጣቂው በየጠዋቱ ብቅ ይላል። «ዛሬስ ወጣለት?»

«አልወጣም።»

በሦስተኛው ጠዋት የአለበልን ፊት ስታጥብ ከጆሮው ኋላ ቀይ ነጠብጣብ አየች። ጣቷን አሳረፈችበት። ወደ አንገቱ ወርዷል፣ ግንባሩ ላይም ጀምሯል። የልጇ ሰውነት መዋጋት ጀመረ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ደስታ ነበር፣ ንጹሕ ደስታ፣ የበሩ ወንበር ሲንቋቋ እስክትሰማ ድረስ።

ጋቢውን ስባ እስከ ዐይኑ ሥር ሸፈነችው፤ ሻሿንም ፈትታ ግንባሩ ላይ አሰረችለት።

«ዛሬስ?»

«እንደ ትናንቱ ነው፣ ወንድሜ» አለች።

ታጣቂው ተመልሶ ተቀመጠ። አለበል ከጋቢው ሥር በስንት ቀኑ ዐይኑን ገለጠ።

«እማዬ፣ ታፈንሁ። ግለጪልኝ።»

የጋቢውን ጫፍ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«ቻለው፣ ልጄ» አለችው።