ያላቃሰተው ሞተር

የግንድ መፍለጫው አሮጌ ሞተር የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሲሞትም እንደ ኖረው እየጮኸ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማገዶ ግቢውን ሲያናጋና ጎረቤት ሲያማርር ከርሞ፣ ግማሽ የተሰነጠቀ ግንድ ሽብልቁ ላይ እንደ ተሰካ ትቶ ጸጥ አለ። ባል ሁለቴ ዞረው፣ "ካረጁ አይበጁ" አለና መጥረቢያውን ሊያወጣ ወደ መጋዘኑ አመራ።

ሚስት ክው አለች። ሐኪሙ የነገረውን እሷም አብራ ሰምታለች፦ "የወገብዎ ዲስክ ተንሸራቷል። መጥረቢያ ካነሱ ሌላ ጊዜ እዚህ የሚመጡት በሰው ሸክም ነው።" ባል ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ "እሺ" ብሎ ነበር። እሷ ግን እሺታውን ታውቀዋለች፤ ክርክር ለማሳጠር ነው። ስለዚህ ሮጣ ቀደመችውና መጋዘኑን ቆልፋ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

"እስከ ዓርብ አዲስ ሞተር አስገባለታለሁ" አለችው።

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ቁልፉን እሰጥሃለሁ።"

የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ታናሽ ወንድሟ መካኒክ ነው። በልጅነቱ አንድ የብሎን ዳዶ ውጦ እስኪወጣ ቤተሰቡን ሦስት ቀን ደጅ ደጁን ስላስጠበቀ፣ ፀጉሩ ሸብቶም ሰፈሩ የሚጠራው ዳዶ ብሎ ነው። ሐሙስ ዕለት ከውሃ መሳቢያ ላይ የወረደ፣ የአሮጌውን እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር በጋሪ ጭኖ መጣ። ዘንጉ ወፍራም ስለ ነበር ከሃይድሮሊክ ፓምፑ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ አልገባ አለ፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ አሰፋው። የብሎኖቹ ቀዳዳዎችም አልገጥም አሉ፤ ወፍራም ላሜራ ቆርጦ አዲስ መቀመጫ ሠራለት። በመጋጠሚያው ሁለት ጎኖች መካከል የጥፍር ውፍረት የምታህል ክፍተት ተወ። "በጣም ከተጣበቁ ይበላላሉ፣ እንደ ባልና ሚስት" አለና በገዛ ቀልዱ ብቻውን ሳቀ። የአሮጌው ሞተር የድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ በዝገት ወንፊት ሆኖ ነበር፤ የዚህኛው ግን ድፍን ነው።

ዓርብ ጠዋት ዳዶ ገመዱን አንዴ ሲስበው ሞተሩ ተነሣ። ባልና ሚስት እንደ ወትሯቸው ቆሙ። እሱ ግንዱን በሳንቃ እያንከባለለ ያስቀምጣል፣ እሷ ሽብልቁን የሚነዳውን እጀታ ትገፋለች። በአሮጌው ሞተር ጩኸት መነጋገር የማይታሰብ ስለ ነበር፣ እሷ የምትሠራው በጆሮዋ ነበር። ሞተሩ ካቃሰተ ሽብልቁ ጉጥ አጋጥሞታል ማለት ነው፤ እጀታውን ትመልሳለች፣ እሱ ግንዱን ያዞራል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳተችም። ሙያዬ ነው ብላም ትኮራበት ነበር።

ሦስቱ ግንዶች እንደ ዳቦ ተቆረሱ። አራተኛው ጉጥ ነበረበት። ሞተሩ እስኪያቃስት ጠበቀች። አላቃሰተም። እጀታውን እንደ ገፋች ቆየች፤ ግንዱ ጎበጥ አለ፣ ተፈናጠረ፣ በባሏ ጉልበት አጠገብ ሽው ብሎ አልፎ የቆርቆሮውን አጥር በሳው።

ባል ሞተሩን አጠፋ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"ይሄ አውሬ ነው። ነቅላችሁ ውሰዱልኝ። ቁልፌን አምጪ።"

ልትገድለው ነበር፤ ያውም ወገቡን ላትርፍ ብላ። ቃል ቃል ነውና እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች።

"አንዴ ይታገሱኝ፣ ጋሼ" አለ ዳዶ። ወደ እህቱ ዞረ። "እትዬ፣ ምን ስትጠብቂ ነው ያልመለስሽው?"

"እስኪያቃስት ነዋ!"

"ይሄ አያቃስትም። የድሮው ያቃስት የነበረው አቅም አንሶት ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት የኮራችበት ሙያ የአንድ አቅመ ቢስ ሞተር እንጉርጉሮ ሆኖ ተገኘ። አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዳዶ ግን ሞተሩን መልሶ አስነሣና ነዳጁን ቀነሰለት። ድምፁ ወርዶ ወርዶ ማጉረምረም ብቻ ሆነ።

"ጉልበት ስለ ተረፈው በዝግታም ይሠራል። ከእንግዲህ በዓይንሽ ነው፣ እትዬ። ሞተሩን ተዪው፣ ሰውየውን እዪ።"

"አንድ ግንድ ብቻ" ብላ ባሏን ለመነችው። "አንድ። ከዚያ የፈለግከውን አድርግ።"

ባል ወደ ክምሩ ሄደና፣ እልኸኛ አይደል፣ ካለው ሁሉ ጉጠ ብዙውን መርጦ እያንከባለለ አመጣ። ሽብልቁ ፊት አስቀምጦ በመዳፉ ዳበሰው።

"ይቺ በግራ በኩል ጉጥ አለባት" አለ ቀና ሳይል። "ቀስ በይ፣ የኔ ዓለም።"

እጀታውን ቀስ አድርጋ ገፋች። ባሏ እጁን አነሣ፤ እጀታውን መለሰች። አዞረላት፤ ደግማ ገፋች። ግንዱ ለሁለት ተከፍሎ በቀኝና በግራ ወደቀ።

እሷ ግን ግንዱን አላየችውም።

"ቅድም ምን አልከኝ?"

"ጉጥ አለባት አልኩሽ።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ትለኛለህ እንዴ?"

"ለእያንዳንዷ ግንድ።"

"እኔ እኮ አንድ ቀን ሰምቼህ አላውቅም!"

"አውቃለሁ" አለ። "ብቻ እጅሽ እዚያ እያለ ዝም ማለት አላስችለኝ ይላል።"

እንባዋ መጣ። ዳዶ ድንገት የአጥሩ ቀዳዳ እጅግ አሳስቦት ጀርባውን ሰጣቸው። ባል ወደ ክምሩ ተመልሶ ሄደና ቀጣዩን ግንድ ሊይዝ ከወገቡ ጎንበስ ማለት ጀመረ።

"ወገብህን!" ብላ ከሞተሩ ማዶ ተጣራች። "በጉልበትህ!"

ሰማት። ቀና አለና በጉልበቱ ተንበረከከ።