ለአዲ የተወቀጠ ጎመን

ነጯ ጥንቸል አዲ መብላት ስታቆም፣ አባባ ቲጃኒ ማን እንደመረዛት ለማወቅ ሩቅ አላሰቡም። ከአጥሩ ወዲያ ኤርሲዶ አለ።

ኤርሲዶ ከከምባታ የመጣ አናጢ ነው። ጫት አይቅምም፣ አይጠጣም፣ ሰው ሲታማ አብሮ አያማም። በዚያ ዘመን ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ወይ ጴንጤ ነው ወይ ጆሮ ጠቢ። አባባ ቲጃኒ ሁለቱም ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር።

ጥንቸሏ የልጃቸው የባህሪያ ናት። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አሰንዳቦ ስትሄድ አደራ ብላ ሰጥታቸዋለች። አሁን ለዒድ ልትመጣ ነው፤ አዲ ግን አጥንቷ ገጥጦ፣ አገጯ በለሃጭ ርሷል። ጎመኑን ታሸትና ለመጉረስ ስትሞክር ይወድቅባታል። አባባ ቲጃኒ ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ጫታቸውን በትንሿ ሙቀጫ ወቅጠው ነው የሚቅሙት፤ የእሷንም ጎመን ልጅቷ ከሄደች ጀምሮ በዚያችው ያደቁላታል፣ እሳቸው ያዩትን መከራ እንዳታይ።

አንድ ጠዋት ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ኤርሲዶ እጁን በአጥሩ ቀዳዳ አሹልኮ ሰርዶ ወደ ጥንቸሏ ሳጥን ሲከት ደረሱበት። ቀበሌ ሄደው ሊከሱት አሰቡ፤ ጆሮ ጠቢ ግን ለማን ይከሰሳል? ሰርዶውን ከሳጥኑ አውጥተው መልሰው ዘረጉለት።

«እስቲ አንተ ብላው።»

ኤርሲዶ ሳሩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ አንዷን ዘለላ ወስዶ ማኘክ ጀመረ። ብዙ ካኘከ በኋላ ዋጣት።

«ደህና ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም፣ አባባ» አለ።

አባባ ቲጃኒ እስኪወድቅ ጠበቁ። አልወደቀም። ይልቁንም ዞሮ ወደ ግቢያቸው ገባና አዲን እንዲያቅፉለት ለምኖ ከንፈሯን በጣቱ ገለጠው። የታች ጥርሶቿ እንደ ቀንድ ተቆልምመው የላይኛውን ድድ ሊወጉ ደርሰዋል።

«ማሎ፣ ይሄ ሁሉ የእሷ ነው?» አሉ አባባ ቲጃኒ ደንግጠው።

«የእሷ ነው። የጥንቸል ጥርስ ማደግ አያቆምም። የሚሞርደው ሳር ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ወቅጠው ያጎርሷታል።»

«መውቀጤን በምን አወቅህ?»

«በቀዳዳው አያለሁ።»

አባባ ቲጃኒ ይህን በልባቸው ያዙት። ኤርሲዶ መጋዝ የሚስልበትን ቀጭን ሞረድ ሲያመጣም በጉጠት ለምን አትቆርጠውም ብለው በጥርጣሬ ጠየቁት። በጉጠት እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል አላቸው። ምላሷን በማንኪያ እጀታ ከልሎ፣ እያሳረፈ በቀስታ ሞረደው። ማምሻውን አዲ አንድ ዘለላ ሰርዶ ጎትታ ቆረጠመች። አባባ ቲጃኒ ድምፁን ቁጭ ብለው አዳመጡ፤ ትንሽም ቀኑባት።

ባህሪያ ለዒድ ስትመጣ ጥንቸሏ ወፍራለች። ልጅቷን የገረማት ጎረቤቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰርዶ ታቅፎ አጥሩ ሥር ይቆምና አንዷን ዘለላ ያኝካል። አባቷ ጉሮሮውን እያዩ ይጠብቃሉ። የቀረውን የሚቀበሉት ሲውጥ ነው።