የሃያ ሁለት ቁጥር ነገር

ዶክተሩ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይኼን በግምት ነው የሞሉት» አላት።

ሴትዮዋ ቀና አላለችም፤ ወገቧም ቀና የሚያሰኝ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ መስኮቱ በማይከፈት ቤተ ሙከራ ውስጥ መደገፊያ በሌለው ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ስስ ብረት ስትንቀጠቀጥ ስታይ ከርማለች። ብረቷ ሁለት ጫፏ በብሎን ተጠርቅሞ ታስሯል። ከሥሯ ሞተር ይነቀንቃታል፤ ከኋላዋ ማስመሪያ ቆሟል። የሴትዮዋ ሥራ የሞተሩን ፍጥነት ማዞሪያ አንድ አንድ ቁጥር እየጨመሩ፣ የብረቷ ወገብ ስንት መስመር እንደሚወዛወዝ አይቶ መጻፍ ነው። ዶክተሩ ሲያስተምር ስለሚውል፣ ብረቷ የቱ ፍጥነት ላይ አደቧን እንደምትለቅ የሚያውቀው በእሷ ዓይን ነው። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል እንኳ ፍራሹ የሚነቀነቅ ይመስላታል። ባሏ፣ «አንቺ ሴት፣ አልጋው ላይም ሞተር ገጠሙልሽ?» ይላታል።

«የቱ ነው ግምቱ?» አለች።

«እዚህ ሃያ ሁለት ላይ ዘጠኝ መስመር ብለዋል። እዚህ ደግሞ፣ በዚያው ቀን፣ ሃያ ሁለት ላይ አንድ መስመር። ብረቷ አንድ፣ ፍጥነቱ አንድ! ዓርብ መሣሪያውን ለሌላ ክፍል አስረክባለሁ። ይኼን ደብተር ይዤ ማን ፊት ልቁም? ልቅደደው እንጂ!»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ደክሞዎት ይሆናላ።»

«ደክሞኛል። ድካምና ውሸት ግን የአንድ እናት ልጆች አይደሉም።»

ዶክተሩ ሞተሩን አስነሳና ማዞሪያውን ሽቅብ ወሰደው። ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ብረቷ ዘጠኝ መስመር ትወዛወዛለች። «ይኸው ዘጠኝ! አንዱ የታለ?» ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

እጁን ቀብ አደረገችው። «እንዲህ ነው እንዴ የሚያጠፉት?»

«ታዲያ እንዴት ይጠፋል?»

«ያወጡትን ያወርዳሉ ነዋ።»

እዚህ ከመቀጠሯ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ፈትል ፋብሪካ ሠርታለች። እዚያ ማሽን ድንገት ያጠፋ ሰው ክር ይበጥሳል፤ ከአለቃም ስድብ ይጠጣል። የቤተ ሙከራው ሰዎች «እትዬ ቀስ በሉ» የሚል ስም ያወጡላትም ሞተር ባጠፉ ቁጥር «ቀስ በሉ!» ብላ ስለምትጮህባቸው ነው። ዶክተሩ ሽቅብ ብቻ ለክታ እንድታጠፋ ነግሯት ነበር። እሷ ግን መውረዱ ካልቀረ ብላ ሲወርድም ትለካለች። የቱ ሽቅብ፣ የቱ ቁልቁል እንደሆነ መጻፍ ግን ትዝ አላላትም። ለእሷ መውጣትና መውረድ አንድ ሥራ ነው።

«ይቀጥሉ፣ ሽቅብ» አለችው።

ሃያ አምስት ላይ አሥራ ሁለት መስመር ደረሰች። ሃያ ስድስት ላይ ብረቷ እንደተቆጧት ልጅ በአንዴ ጭጭ አለች።

«አሁን ይውረዱ። ኧረ ቀስ! ምን ያሯሩጥዎታል?»

ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት። ጭጭ እንዳለች ነው። ሃያ ሁለት ላይ ማስመሪያው አንድ መስመር አሳየ።

ዶክተሩ ማዞሪያውን አየ፤ ማስመሪያውን አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ሴትዮዋ በእርሳሷ ቂጥ ብረቷን ወገቧ ላይ ቆንጠጥ እንደማድረግ መታ አደረገቻት። ብረቷ ተነሥታ ዘጠኝ መስመር ትወዛወዝ ጀመር። ማዞሪያውን የነካው የለም።

«እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ላይ አለ» አለ ዶክተሩ ዝግ ብሎ። «ከዚህች ብረት ግን አልጠበቅሁትም። ሁለቱም ልክ ነው። የሚለየው ከታች ወጥታ ወይ ከላይ ወርዳ መምጣቷ ነው።»

«ታዲያ እኔ ሦስት ሳምንት ምን እያልኩ ነው?»

«አላሉማ! ደብተሩ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ነገር የት አለ?»

እውነቱን ነው። አርባ ገጽ ሙሉ ሽቅቡና ቁልቁሉ ሳይለይ ተደርድሯል፤ ተራውን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዓርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ጉልበቷን ደግፋ ተነሣች። የዶክተሩ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ጫማዋን አላላች። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጣ፣ «እኔ ሽቅብ ቁልቁሉን ልጻፍበት፤ እርስዎ ዱካው ላይ ይሁኑ። የዛሬውን ከአሥር ቁጥር ጀምረው ይለኩልኝ» አለችው።

ዶክተሩ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ተቁነጠነጠ።

«እትዬ፣ ይኼ ዱካ ወገብ አይጎዳም?»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።