ሁሉም የወደዱት አጭበርባሪ

ለቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት ከኦንላይን ሌቦች ራሳቸውን የሚጠብቁበት ኮርስ እንድታዘጋጅ ላሪሳ ስትታዘዝ፣ መጀመሪያ ያለችኝ «ሰው እንዳይተኛብኝ ብቻ!» ነው። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ድምፁንና ሥዕሉን እሠራለሁ። የዱሮው ኮርስ ፊቱን በኮፍያ የሸፈነ ሌባ ጨለማ ውስጥ ኮምፒውተር ሲነካካ ያሳያል። የኛ የካናዳዋ ሳስካችዋን ገበሬ እንዲህ ያለ ፍጡር አይቶ ስለማያውቅ «ቀጥል» የሚለውን እየተጫነ ያልፈውና ምስክር ወረቀቱን ያትማል።

«አጭበርባሪው ሰው መምሰል አለበት» አለች ላሪሳ። ሰው ስንፈልግ ኦርቪልን አገኘን።

ኦርቪል በከተማችን ሬዲዮ የአየር ጠባይና የስንዴ ዋጋ ሲያነቡ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ውሏቸው ስልክ ላይ ነው። ለልደት ይደውላሉ፣ በረዶ ሲጥል ይደውላሉ፣ ምንም ሳይኖርም ይደውላሉ።

ድምፅ የምንቀዳው ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ኦርቪል ገብተው ወረቀቱን አዩና ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ በስተርጅና ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሌባስ ሞልቷል፤ ጨዋ ሌባ ነው የቸገረኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከባንክዎ ነው የምደውለው። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? መኪናዎ ዛሬ ተነሣችልዎ?»

የመኪናዋን ነገር ላሪሳ አልጻፈችውም፤ ከራሳቸው ነው የጨመሩት። እኔ እንኳ አጠገባቸው ቆሜ የሚስጥር ቁጥሬን ልነግራቸው ምንም አልቀረኝ።

ለሙከራ ኮርሱን ይዘን ከርሊንግ ወደሚባለው የበረዶ ላይ ጨዋታ ክበብ ሄድን። ድንጋያቸውን በበረዶ ላይ ሲያንሸራትቱ አምሽተው ሾርባ ፉት የሚሉ አዛውንቶች ታብሌቶቹን ተቀበሉን። ታብሌቱ ውስጥ ያለው ደዋይ የሚስጥር ኮዳቸውን ሲጠይቃቸው አንድ ሳይቀር ሰጡት።

«ወይዘሮ ፓራስካ!» አለች ላሪሳ፣ «አጭበርባሪ እኮ ነው!»

«ይሁና! ስለ መኪናዬ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። የገዛ ልጄ ካልጋሪ ከተማ ተቀምጦ እንዲህ አይጠይቀኝም።»

«ኦርቪል ከሰረቀም ቸግሮት ነው» አሉ ጎረቤታቸው፣ ሾርባቸውን እየነፉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ላሪሳን፣ ሻካራ ድምፅ ያለው ሌላ ሰው እንፈልግ ብላት ተቆጣች። «ክፉ ድምፅ ያለውንማ ማን ያምነዋል? ለሱ ኮርስ አያስፈልጋቸውም!»

ቤቷ ሄዳ እንደ አዲስ ጻፈችው። አሁን ተማሪው ኮዱን ሲሰጥ ኦርቪል ራሳቸው በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «አዩ፣ ደግ መሰልኩዎት። ሥራዬ እሱ ነው። ደስ ስልዎት ነው ስልኩን መዝጋት» ይሉታል። ሰው ወደደው። የጨረሰው ላልጨረሰው ያሳየው ጀመር፤ አለቆቻችንም ላሪሳን በስብሰባ መሐል አመሰገኗት።

ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ፔሮጊ፣ ማለትም በሊጥ የተጠቀለለ ድንች፣ የሚበላበት እራት ደረሰ። ሊጥ የሚጠቀልል ሰው በስልክ የሚያሰባስቡት ሁልጊዜ ኦርቪል ናቸው። «ጤና ይስጥ...» ከማለታቸው ጆሯቸው ላይ ይዘጋል። ፓራስካማ ሁለቴ ጠረቀሙባቸው፤ ለሁለተኛው «ሌባ!» የሚል መርቀውበታል።

በማግሥቱ ኦርቪል ቢሮ መጡ። ኮፍያቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ።

«ላሪሳ፣ ኮርስሽ ይሠራል» አሉ ፈገግ ብለው። ቀጥለውም፣ «ትናንት ቀኑን ሙሉ ‹ሌባ!› ከሚለው በቀር የሰው ድምፅ አልሰማሁም» አሉ።

የላሪሳ ፊት ቀላ። ኮርሱ እንዳይረዝም ብላ የቆረጠችው ነገር ነበር፦ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ምን ይደረጋል? አባላቱን መዝጋቱን አስተምራ እዚያው ላይ ትታቸዋለች። ለኦርቪል ወንበር ሳበችላቸው፤ ቡና አስመጣችና ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ከሰዓት በኋላ ኦርቪል እንደገና ብርድ ልብሶቹ መሐል ገቡ።

«ዘጋችሁ? ጎበዞች! አሁን ደግሞ ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። ባንክ ነኝ ካለ ባንካችሁ ዘንድ፣ ኦርቪል ነኝ ካለ ኦርቪል ዘንድ። ቁጥሬ እንደሆነ አልተለወጠም።»

አለቆቻችን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትውጣ አሉ። ላሪሳ «እሺ» አለች፤ አላወጣቻትም።

ሰዉ አዲሱን ክፍል ካየ በኋላ ኦርቪል እንደገና መደወል ሲጀምሩ ሰዉ እንደ ልማዱ ዘጋባቸው። ከዚያ ግን ስልካቸው ይጮኽ ጀመር። የመጀመሪያዋ ደዋይ ፓራስካ ነበሩ።

«አንተ ነህ ወይስ ሌባው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን ልመንህ?»

«አምና የድንች ፔሮጊሽ ጨው በዝቶበት ነበር።»

«ባለጌ! አንተው ነህ። በስንት ሰዓት ልምጣ?»

ፔሮጊ ለመጠቅለል ከሚፈለገው በላይ ሰው መጣ። በእራቱ ላይ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ኮርሱን ለራሳቸው እንደሚፈልጉት አለቃችን ለላሪሳ ነገራት። እሷም ጽሑፉን ብቻ እንደምትልክ፣ ድምፁን ግን በየከተማቸው ሰው ከሚያምነው ሰው አፍ ራሳቸው እንዲቀዱ መለሰችለት። ኦርቪል ይህን አልሰሙም፤ በሩ ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ መኪናው ተነሥታለት እንደሆነ እየጠየቁ ነበር።